“ፈሳሽ ጋዝ” እንዴት ያለ ነገር ነው? ካሉብ፣ ቡታ ጋዝና የተማርናቸው ሦስቱ የቁስ አካል ሁኔታዎች

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር “ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ” እንደሚያመርት ተነገረ። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሁለት ጥያቄ አብሮ ይነሳል። አንዱ የኪስ ጥያቄ ነው፤ “ታዲያ የቡታ ጋዝ ዋጋ ሊቀንስልን ነው?” የሚል። ሌላው ከስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተር የወጣ ይመስላል። “ጋዝ ነው ወይስ ፈሳሽ? አንዱን ይምረጡ እንጂ!”

ሁለተኛው ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገሩ እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም ጋዝ መሆኑ ብዙ ነገር ይወስናል። በምን ይጫናል? በምን ይቀመጣል? ማን ይገዛዋል? ሲያፈስስ ወዴት ይሄዳል? የኪሱ ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው ከዚሁ ነው።

አንድ ቃል፣ አራት ነገር

“ጋዝ” በአማርኛ ብዙ የሚሸከም ቃል ነው። ለፋኖስና ለኩራዝ የሚገዛው ነጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ላምባ፣ በጠርሙስ የሚቀዳ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ሳይንሱ ጋዝ አይለውም። አሜሪካ ያለ ዘመድ “ጋዝ ልቀዳ” ሲል ደግሞ ቤንዚን ማለቱ ነው። እሱም ፈሳሽ ነው።

ቡታ ጋዝ ሁለት መልክ አለው። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ምድጃው ላይ ሲደርስ ጋዝ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ነዳጆች ድብልቅ ሲሆን በንግድ ስሙ ኤል ፒ ጂ ይባላል። በግፊት ፈሳሽ የተደረገ የነዳጅ ጋዝ ማለት ነው።

አራተኛው የካሉቡ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን ነው። ከእበት በሚዘጋጀው ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደውም ይኸው ሚቴን ነው። በብርቱ ቅዝቃዜ ፈሳሽ ሲሆን ኤል ኤን ጂ ይባላል። ፈሳሽ ሳይሆን፣ ጋዝ እንደሆነ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ ሲቀመጥ ደግሞ ሲ ኤን ጂ ይባላል።

ኤል ፒ ጂ እና ኤል ኤን ጂ በስም የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። በሙቀት ግን 120 ዲግሪ ይራራቃሉ። ፕሮፔን በባሕር ወለል ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሚቴን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ላይ። ዜናውን ያደናገረው ይህ አንድ ፊደል ይመስለኛል።

ደብተሩ ላይ የጎደለው ግፊት

ትምህርት ቤት የተማርነው ትክክል ነው። ጠጣር የራሱ ቅርጽና የራሱ ይዘት አለው። ፈሳሽ ይዘት አለው እንጂ ቅርጹን ከተቀመጠበት ዕቃ ይዋሳል። ጋዝ ሁለቱም የለውም፤ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል። ችግሩ፣ እንዲህ ሲነገር ነገሩ የቁሱ ጠባይ ይመስላል። ብረት ጠጣር፣ ውሃ ፈሳሽ፣ አየር ጋዝ ተብሎ ተደልድሎ ያለቀ።

እንደ ስሙ ግን “ሁኔታ” ነው። ሁኔታ ይለወጣል። ጠዋት በማንኪያ አልጫር ያለ ቅቤ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈስሳል። ቅቤው ያው ቅቤ ነው።

በውስጡ የሚካሄደው እንዲህ ነው። ማንኛውም ቁስ የተሠራው ከጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። በሚቴንና በውሃ እነዚህ ቅንጣቶች ሞለኪውል ይባላሉ። ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ደግሞም አንድም ጊዜ አያርፉም፤ ሁሌ ይንቀሳቀሳሉ። የሙቀት መጠን የምንለው የዚህ እንቅስቃሴ ብርታት ነው። መሳሳቡ ካየለ በያሉበት ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ ያ ጠጣር ነው። እንቅስቃሴው ትንሽ ሲበረታ ሳይለያዩ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ያ ፈሳሽ ነው። እንቅስቃሴው ጨርሶ ሲያሸንፍ ይበታተናሉ፤ ያ ጋዝ ነው። ከዚህም አልፎ አቶሞቹ ራሳቸው ኤሌክትሮኖቻቸውን የሚጥሉበት ፕላዝማ የሚባል አራተኛ ሁኔታ አለ። በመብረቅና በብየዳ ብልጭታ ውስጥ የምናየው እሱ ነው። ለካሉብ ጉዳይ ግን አያስፈልገንም።

የሚያስፈልገን የባዶ ቦታው ነገር ነው። በጠጣርና በፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎች ተነካክተው ነው የሚኖሩት። በጋዝ ውስጥ ግን አብዛኛው ባዶ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ 1,700 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሚቴን ደግሞ ተንኖ ወደ ተራው የአየር ሙቀት ሲመለስ 600 ሊትር ያህል ይሆናል። ነጋዴ ከሆንክ ይህ ቁጥር ብዙ ይነግርሃል። ጋዝን በጋዝነቱ ጭኖ መሄድ ባዶ ቦታ ጭኖ እንደመሄድ ነው።

ደብተሩ ላይ የጎደለው ሌላው ነገር ግፊት ነው። “ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል” ተብለን ሸመደድን። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ የላይ ጫናው ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሞለኪውሎቹ ቶሎ ያመልጣሉ። ባቄላ ጅቡቲ ላይ ፈጥኖ በስሎ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ተጠርቅሞ የሚዘጋው የግፊት ድስት ተቃራኒውን ይሠራል። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ያሳድግና ውሃው እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ያስገድደዋል።

ከዚህ አንድ ሐሳብ ይመጣል። ግፊት ፈሳሽን ፈሳሽ አድርጎ ማቆየት ከቻለ፣ ጋዝንም ጨምቆ ፈሳሽ ማድረግ መቻል አለበት። ለቡታ ጋዝ እውነት ነው። ለሚቴን ግን አይሠራም።

ቢጨመቅ ቢጨመቅ እምቢ ያለው ጋዝ

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1823 እ.ኤ.አ. ክሎሪንን በግፊት ፈሳሽ አደረገው። ከዚያ ሌሎችንም አንድ በአንድ ሞከረ። ብዙዎቹ ተረቱ። በ1840ዎቹ ሥራውን ሲያገባድድ ስድስት ጋዞች ብቻ እምቢ ብለው ቀሩ። ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ስድስተኛው ሚቴን ነበር። ሳይንቲስቶቹ ተስፋ ቆርጠው “ቋሚ ጋዞች” ብለው ስም አወጡላቸው።

ምስጢሩን የፈታው ቤልፋስት የነበረው ቶማስ አንድሩስ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን እያሞቀና እየጨመቀ ሲያጠና አንድ የተለየ ወሰን አገኘ። ከ31 ዲግሪ በታች ከሆነ ሲጨመቅ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የፈለገው ያህል ቢጨመቅ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው መስመር ራሱ ይጠፋል። ይህን በ1869 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። ወሰኑ “ወሳኝ የሙቀት መጠን” ይባላል። ሞለኪውሎቹ ከዚያ በላይ ሲሞቁ ፍጥነታቸው ከመሳሳባቸው ይበልጣል። ብታቀራርባቸውም አይያያዙም።

እያንዳንዱ ቁስ የራሱ ወሰን አለው። የቡቴን 152 ዲግሪ፣ የፕሮፔን 97 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለቱም ከማንኛውም ወጥ ቤት ሙቀት እጅግ ይበልጣሉ። ስለዚህ መጠነኛ ግፊት ብቻ ፈሳሽ ያደርጋቸዋል። የሚቴን ወሰን ግን ከዜሮ በታች 83 ዲግሪ ገደማ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ቢደመር ቢባዛ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ሚቴን በአገራችን የትም ቦታ፣ በየትኛውም ወቅት፣ በግፊት ብቻ ፈሳሽ አይሆንም። በ200 ባር የታመቀው ሲ ኤን ጂ እንኳን ያው ጋዝ ነው። (1 ባር በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው።) ፋራዳይ የጎደለው ጉልበት አልነበረም፤ በቂ ብርድ ነበር።

ወጥ ቤት ያለው ሲሊንደር

አሁን ወደ ኪሱ ጥያቄ እንመለስ። የወጥ ቤት ሲሊንደር የተሠራው ለፕሮፔንና ለቡቴን ነው። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ 8 ባር ገደማ ይበቃዋል። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋበትን ያህል ነው። ቡቴን ደግሞ 2 ባር። ቀላል የብረት ዕቃ ይችለዋል፤ አብሮት የሚሄድ ማቀዝቀዣም አያሻውም።

እዚያው ሲሊንደር ውስጥ በዚያው 8 ባር ሚቴን ቢሞላስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። 12.5 ኪሎ ቡታ ጋዝ የሚይዘው ሲሊንደር ውስጡ 26 ሊትር ገደማ ነው። በ8 ባር የሚይዘው ሚቴን 140 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። ምድጃውን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያስኬደውም። የካሉብ ኤል ኤን ጂ ተቀድቶ ወደ ሲሊንደራችን የማይመጣበት ምክንያት ይህ ነው። ሚቴንን ለወጥ ቤት የሚያደርሱ አገሮች በየቤቱ የሚገባ የጋዝ ቧንቧ መረብ ዘርግተው ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ መረብ የላትም።

ለተስፋ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከሚቴን ጋር ጥቂት ፕሮፔንና ቡቴን አብሮ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ለይቶ ለገበያ ማቅረብ ይቻላል። ሆኖም ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ገንዘብና ሌላ ውሳኔ ይጠይቃል። ካሉብ ስለተመረቀ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ሲሊንደሩን ካነሳን አይቀር፣ በየቤቱ የሚያደናግር ሌላ ነገር አለ። እሳቱ እስከ መጨረሻው ደህና ይነድና እንግዳ በመጣ ቀን ድንገት ድርግም ይላል። ምክንያቱ የፈሳሽና የጋዝ አብሮ መኖር ነው። ከታች ፈሳሽ፣ ከላይ ጋዝ አለ። ጋዙ ሲወጣ ፈሳሹ እየፈላ ይተካዋል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው እንጂ የቀረው መጠን አይደለም። እሳቱን አይቶ ስንት እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። መመዘን ነው። ወይም ለብ ያለ ውሃ በጎኑ ላይ ማፍሰስና በእጅ መዳሰስ። ቀዝቃዛ የሆነበት ከፍታ ፈሳሹ ያለበት ነው።

ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ማጋደም ወይም መገልበጥ ግን አደገኛ ነው። በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ራሱ ወደ ቱቦው ይገባል። ፈሳሽ ቡታ ጋዝ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 250 ጊዜ ገደማ ይሰፋል። እሳቱም በዚያው ልክ ይንቦገቦጋል። ሲሊንደር እስከ አፉ የማይሞላውም በምክንያት ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲጨመቅ ግን እሺ አይልም። ከላይ ክፍት ቦታ ካልተተወለት ፀሐይ ላይ የዋለ ሲሊንደር ብረቱን ሊቀድ ይችላል።

ፔርሙዝና እንስራ

ሚቴንን ፈሳሽ ለማድረግ መንገዱ ማቀዝቀዝ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “ቀዝቅዞ እንዴት ይቆያል?” የሚል ነው። ኦጋዴን ውስጥ ውጭው 35 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ከዜሮ በታች 162። ልዩነቱ ወደ 200 ዲግሪ ነው።

መልሱ ቤታችን አለ። የኤል ኤን ጂ ቦቴ ግዙፍ ፔርሙዝ ነው። ሁለት ግድግዳ አለው፤ በመካከላቸው አየር የለም ማለት ይቻላል። ሙቀት የሚሻገርበት ድልድይ ያጣል። ነገሩ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩም እንዲሁ ነው። ፔርሙዝን በ1892 እ.ኤ.አ. የሠራው ጄምስ ዲዋር ለሻይ ብሎ አልነበረም። ፈሳሽ የተደረጉ ጋዞችን ለማቆየት ነበር። ሻይና ቡና በኋላ ነው የመጡት።

ፔርሙዝ ግን ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያስቆምም። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ፈሳሽ ይፈላል። ደስ የሚለው፣ የሚፈላው ክፍል ሙቀቱን ይዞ ስለሚወጣ የቀረውን ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆየዋል። እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ሸክላው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ፣ ከእንስራው የሚወጣው እንፋሎት ሲሆን ከቦቴው የሚወጣው ሚቴን መሆኑ ነው። ሚቴን አየር ላይ ከተለቀቀ በ20 ዓመት ውስጥ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ የሚፈላውን ለሞተር መጠቀም ወይም መልሶ ማቀዝቀዝ የግድ ነው። ኤል ኤን ጂን ለወራት አከማችቶ ዋጋ እስኪወደድ መጠበቅም የሚያዋጣ ንግድ አይደለም።

ብረቱም ጣጣ አለው። ተራ ብረት በዚህ ብርድ ጠጣርነቱን አይለቅም፤ ጠባዩ ግን ይለወጣል። ሲመታ መጉበጥ ትቶ እንደ መስታወት ይሰበራል። በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ አንድ የፈሳሽ ሚቴን ታንክ ተሰነጠቀ። ፈሳሹ ወደ ጎዳናና ወደ ፍሳሽ ቱቦዎች ገብቶ ተቀጣጠለ፤ 130 ሰው ሞተ። የታንኩ ብረት ኒኬል ያነሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሥራ 9 በመቶ ኒኬል ያለው ብረት፣ አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ነው የሚመረጠው። ለኤል ኤን ጂ የሚሆን ማንኛውም ቦቴ፣ ታንክና ቱቦ ውድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በቱቦ፣ በቦቴ ወይስ በጆንያ

የካሉብ ጋዝ አዲስ ግኝት አይደለም። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘው በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሶቪየቶች መጡ፤ ሌሎችም መጡ፤ ሄዱ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከመሬት በታች የቆየው ፖለቲካ፣ ጸጥታና ገንዘብ ተባብረውበት ነው። ከሥሩ ግን አንድ የፊዚክስ ችግርም አለ። ጋዙ ያለው ከባሕርም ከትልልቅ ከተሞችም ሩቅ ነው። በየትኛው ሁኔታ ይጓዝ?

አንዱ መልስ በጋዝነቱ፣ በቱቦ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ለሚረዝም ቧንቧ ተፈራርመው ነበር። ቧንቧ ብዙ ጋዝ ላለውና ቋሚ ገዢ ላገኘ ሰው ርካሽ ነው። አንዴ ከተቀበረ ግን አይታጠፍም። ገዢው ቢቀር ወይም ጎረቤት ቢከፋ ሌላ መንገድ የለውም። ያም ዕቅድ ሳይሳካ ቀረ።

ሁለተኛው መልስ በፈሳሽነቱ፣ በቦቴ ነው። አሁን የተጀመረው ይህ ነው። የሚደግፉት ወገኖች በትንሹ መጀመር እንደሚቻል፣ መንገድ ባለበት ሁሉ እንደሚደርስ፣ ናፍጣ የሚፈጁ ፋብሪካዎችና ከባድ መኪኖች ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ያነሳሉ። ክርክራቸው ውኃ ያነሳል። የሚጠራጠሩት ደግሞ ማቀዝቀዙ ራሱ ከጋዙ ጉልበት እስከ አንድ አስረኛ ሊበላ እንደሚችል፣ ረጅም መንገድና ደካማ ጸጥታ ወጪውን እንደሚያንረው ያስታውሳሉ። አገሪቱ መኪናዎቿን ወደ ኤሌክትሪክ ላዙር እያለች ሌላ የነዳጅ መስመር መዘርጋቷም ጥያቄ ያስነሳል ይላሉ። ይህም ተራ ጥርጣሬ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ብዙም አይወራለትም። ጋዙን ጠጣር አድርጎ በጆንያ መጫን። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረሙ። ዩሪያ ያ ነጭ፣ ድቡልቡል ማዳበሪያ ነው። ሃይድሮጅኑ ከሚቴን ይወጣል። ናይትሮጅኑ ከአየር ይወሰዳል። ሁለቱ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ተዋህደው አሞኒያ ይሆናሉ። አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ዩሪያ ይሆናል።

ይህኛው ከቅልጠትና ከትነት ይለያል። ሚቴን ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን ያው ሚቴን ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ዩሪያ የሆነው ግን ሌላ ቁስ ሆኗል፤ አይመለስም። ለመጓጓዣ ሲታይ ግን ወደር የለውም። ፔርሙዝ አይፈልግም፤ የግፊት ሲሊንደርም አይፈልግም። እርጥበት እስካላገኘው ድረስ መጋዘን ውስጥ ወራት ይቆያል፤ በአህያም ይጫናል። ጆንያው ራሱ በብዙ ሰፈር “ማዳበሪያ” ተብሎ ስሙን እስከመውረስ ደርሷል።

111 ሚሊዮን ሊትር ስንት ነው?

ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። እስኪ እናስላው። አንድ ሊትር ኤል ኤን ጂ የያዘው ጉልበት የአንድ ሊትር ናፍጣን 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 111 ሚሊዮን ሊትር ኤል ኤን ጂ 66 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣን ያህላል።

ወደ ጋዝ ሲመለስ ደግሞ በ600 ይባዛል፤ 67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የተደረገው የአካባቢው የጋዝ ክምችት ግምት 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ነው። ወደ 200 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነው። ለአፍታ ክምችቱ እንዳለ ሊወጣ ይችላል እንበል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን ቢቀጥል ለመጨረስ 3,000 ዓመት ይፈጅበታል! ሁለተኛው ምዕራፍ በዓመት 1.33 ቢሊዮን ሊትር ይደርሳል ተብሏል፤ እሱም ቢሆን 250 ዓመት።

ዩሪያውስ? አንድ ቶን ዩሪያ እንደ ፋብሪካው ብቃት ከ600 እስከ 700 ሜትር ኩብ ጋዝ ይወስዳል። ለ3 ሚሊዮን ቶን በዓመት 2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። ከመጀመሪያው የኤል ኤን ጂ ምዕራፍ 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ግምታዊ ሒሳብ ነው፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ዕቅዶቹ እንደተባሉት ከሄዱ ከኦጋዴን ጋዝ ብዙውን የሚወስደው ቦቴው ሳይሆን ጆንያው ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ፈሳሹ መሆኑ ትንሽ ያስገርማል።

“ሊትር” የሚለው መለኪያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጋዝ ክምችት በሜትር ኩብ ወይም በኪዩቢክ ጫማ ይነገራል፤ ኤል ኤን ጂ በሊትር ወይም በቶን፤ ቡታ ጋዝ በኪሎ። ሁኔታው ሲለወጥ ይዘቱ በመቶዎች ጊዜ ይለወጣል። መጠነ ቁሱ ግን አይለወጥም። ሁለት ዜና ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ወደ ቶን ቢመልሳቸው ይሻለዋል። ካሉብ በዓመት ወደ 50 ሺህ ቶን ይሆናል። ኳታር ለብዙ ዓመታት 77 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ነበራት።

ሲያፈስስ ወዴት ይሄዳል?

ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ። ስለዚህ ወለል ላይ ይተኛል። ከአልጋ ሥር፣ ከደረጃ በታች፣ ፍሳሽ ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል። ከፍ ያለ ትንሽ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙ አይረዳም፤ በሩን መክፈት ይረዳል። ሽታው የራሱ አይደለም። መፍሰሱ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት ነገር ነው። ሲሸት መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ የምትወጣው ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች።

ሚቴን ከአየር ይቀላል፤ ግማሹን ያህል ነው የሚመዝነው። ከፈሰሰ ወደ ላይ ይወጣል። ኤል ኤን ጂ ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከፈሳሹ ገና የተነሳው ሚቴን እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ጋዝ ደግሞ የታመቀ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከአየር ከብዶ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከዜሮ በታች 110 ዲግሪ አካባቢ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ላይ አይነሳም።

ኤል ኤን ጂ በፈሰሰበት ቦታ ነጭ ጉም ይታያል። ጉሙ ሚቴን አይደለም፤ ሚቴን ቀለም የለውም። በአየሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት በብርዱ ተጨብጦ ነው። ስለዚህ የሚነደው ጋዝ ከጉሙ ጠርዝ አልፎ ሊገኝ ይችላል። ሽታ የሚሰጠው ነገርም ኤል ኤን ጂ ውስጥ አይጨመርም። በዚያ ብርድ ራሱ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። የማስጫኛ ጣቢያ ሠራተኞች አፍንጫቸውን ትተው በጋዝ መለኪያ መሣሪያ የሚተማመኑት ለዚህ ነው።